ደረት የሚለካበት ሐሙስ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ደብረ ኤልያስ፣ ከየኔታ እግር ስር ዜማ መማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ራስ ድምፅ መናገር ነውር ነው፤ ሳልናገር ብቀር ግን የኋላው አይገባም። ትንፋሼ ረዥም ነበር። ጓደኞቼ ሁለት ቦታ ቆመው፣ አየር ስበው የሚጨርሱትን ዜማ እኔ ሳልቆም እወጣዋለሁ። የኔታ ተማሪ የሚያመሰግኑ ሰው አልነበሩም። እኔ ስጨርስ ግን መቋሚያቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ያዛውሩ ነበር። ያ ምስጋና መሆኑን የምናውቀው እኛ ተማሪዎቹ ብቻ ነን። ለዚያ ስል ስድስት ዓመት ለምኜ በልቻለሁ፣ ሳር ጎጆ ውስጥ ከቁንጫ ጋር ተኝቻለሁ፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

በዚያ ክረምት ለመንገድ ሥራ ሰው ይሰጥ ተብሎ በየአጥቢያው ታዘዘ። ገበሬው ልጁን ደበቀ። ተማሪን ግን የሚደብቀው የለም፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ ሹም ፊት ቆሞ አቤት የሚልለት ዘመድ የለውም። የእኔ ዘመድ አንድ ታላቅ እህት ናት፤ እሷም ደብረ ማርቆስ ዳር ባል አግብታ ነበር የምትኖረው። አሥራ አንዳችንን ከየጎጆአችን አውጥተው በደምበጫ በኩል ወደሚሠራው መንገድ ነዱን።

ሥራው ድንጋይ መፍለጥና መሸከም ነው። የረጠበ ልብስ ለብሰን እንውላለን፣ ያንኑ ለብሰን እንተኛለን። የሥራውን አለቃ ካቦ ይሉታል። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር የተሸከምነውን ድንጋይ ይዤ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ካቦው በዶማ እጀታ ቀኝ ጎኔን መታኝ። ከብብቴ ስር አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ተነሥቼ ተሸከምኩ። በማግሥቱም ተሸከምኩ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዘኝ። አየር በሳብኩ ቁጥር ጎኔን በጦር የሚወጉኝ እየመሰለኝ ስለመጣ ጥቂት ጥቂት ብቻ መሳብ ለመድኩ። ኋላ መቆም ሲያቅተኝ ካቦው ከመንገዱ ዳር አስጣለኝ። ሁለት ጓደኞቼ ለምነው አስፈቅደው በቃሬዛ አነሡኝና፣ የየመንደሩ ሰው እየተቀባበለ ከእህቴ ቤት አደረሰኝ።

እህቴ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ዋግምት የሚያወጣ ሰው አምጥታ ጀርባዬን አስበጣችኝ። ፌጦ ወቅጣ አጠጣችኝ። ጠበልም ተጠመቅሁ። ትኩሳቱ ወረድ ይልና ይመለሳል። ቀኝ ደረቴ እያበጠ፣ ትንፋሼ እየሸተተ ሄደ። የእህቴ ባል የዚያን ጊዜ ጫካ ገብቷል፤ ጣሊያንን ከሚወጉት ጋር ነው። እንደዚያም ሆኖ አንድ ማለዳ መጥታ ራስጌዬ ተቀመጠችና፣

«ወደ ጣሊያን ሐኪም ልወስድህ ነው፤» አለችኝ።

«ሰው ምን ይላል፣ እታለም?»

«ባንዳ ይልሃል። ባንዳ የሚባለው በሕይወት ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ኑርልኝ፣ ወንድምዓለም፤ ከዚያ ይሰድቡሃል።»

ሐኪም ቤቱ ከሸራ ድንኳንና ከቆርቆሮ የተሠራ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ሰው ነጭ ቀሚስ ለብሷል፤ ፊቱ እንደኛው ነው። ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ጣልያንኛ የሚያስተረጉም፣ ቁስል የሚያጥብ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። እህቴን በአማርኛ፣

«ምን ሲሠራ ታመመ?» ብሎ ጠየቃት።

«መንገድ ሲሠራ፤» አለች።

ወዲያው አስገባኝ። በጊዜው ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ከመንገድ ሥራ የታመመ ወጣት ተፈውሶ ወደዚያው እንዲመለስ ታዝዞ ኖሯል፤ የሚያስገቡትም ለዚህ ነው። እህቴ ሌላ መልስ ብትሰጥ ኖሮ ከበር እንመለስ ነበር።

ሐኪሙ ጣሊያን ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የማይቆጣ ሰው። ጎኔን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፣ ከዚያ በሁለት የጎድን አጥንቶቼ መካከል ቀደደኝ። የወጣውን መግል አሁን አልገልጸውም። በቀዳዳው የላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ጫፉን ከአልጋው ስር ባለ ጠርሙስ ውስጥ ነከረው። ከአሥር ቀን በኋላ ትኩሳቱ ተወኝ። እኔም የዳንኩ መሰለኝ።

እንዳልዳንኩ የነገረኝ ያ ቁስል አጣቢ ነው። አንድ ጧት መጥቶ፣

«ሐወይ፣ እስቲ ሳብ፤» አለኝ። ሐወይ በነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። ሳብኩ። እጁን ቀኝ ደረቴ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ይኸ ጎን አይነሣም። መግሉ ወጥቷል፤ ሳንባህ ግን ተኮማትሮ ከአጥንትህ ጋር ሊጣበቅ ነው። ካላስለመድከው እንዲሁ ይቀራል።»

«ምን ላድርግ?» አልኩት። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ በዕድሜ አባት ባይሆነኝ ከታላቅ ወንድም ይበልጣል። ነገር ግን ለጣሊያን ላደረ ሰው አንቱ ማለት አስጠልቶኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መተንፈስ አስተማረኝ። ለስድስት ዓመት ትንፋሽ የተማርኩ ሰው እንደገና ከሀሁ ጀመርኩ። መጀመሪያ በጀርባዬ አስተኝቶ እንብርቴ ላይ አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት አስቀመጠ።

«ትከሻህን ተወው። አየሩ በአፍንጫህ ገብቶ ከረጢቱን ያንሣው። ከሳንባህ ስር እንደ ድንኳን የተወጠረ ሥጋ አለ፤ የምናሠራው እሱን ነው። ስታወጣ ደግሞ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርድ ከንፈርህን አሹል፤ ቀስ ብለህ አውጣው።»

ከዚያ በግራ ጎኔ አስተኝቶ ቀኝ እጄን ከራሴ በላይ እንድዘረጋ አደረገኝ፤ የታመመው ጎን እንዲከፈት ነው። ሕመሙ ዓይኔን አስፈጠጠኝ። ቆየት ብሎ የእህቴን መቀነት ከጎድን አጥንቶቼ ግርጌ ዙሪያዬን አስሮ ሁለቱን ጫፍ አስያዘኝ። አየር ሳወጣ አጠብቀዋለሁ፤ ስስብ ጎኔ መቀነቱን ገፍቶ እንዲያላላው እታገላለሁ። ለመሳልም ሥርዓት ነበረው። የታጠፈ ጨርቅ ቁስሌ ላይ ጫን አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሃ፣ ሃ ብዬ ነው አክታውን የማወጣው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጠርሙሱ ሥራ ነበር። ሁለት ጠርሙሶች በቱቦ ተያይዘዋል፤ አንዱ ውኃ ሞልቷል። ሌላ ቱቦ በአፌ ይዤ ስነፋ ውኃው ከዚህኛው ወደዚያኛው ይሻገራል። መጀመሪያ ቀን ያሻገርኩት አንድ ጉንጭ አይሞላም። ራሴ ዞሮ፣ ዓይኔ ጨልሞ ወደቅሁ። ያን ዕለት አለቀስኩ። ከሰው ፊት እንዳለቀስኩ የማስታውሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከጎኔ ካለው አልጋ ላይ አንድ ገበሬ መጣ። የደምበጫ ሰው ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ገና አምና ያገባ። እሱም ከመንገድ ሥራ ነው የታመመው፤ ብርዱ ሳንባውን መትቶት መግል ቋጥሮ ነበር። እንደኔው ቀደዱት፣ እንደኔው ቱቦ አስገቡለት። ጥንካሬው ሌላ ነበር። ገና ቱቦው ሳይወጣለት ጠርሙሱን አምጡልኝ አለ። ሲነፋ የአንገቱ ሥር እንደ ጠፍር ይገተራል። በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ጠርሙስ ሲያሻግር አየሁት። እኔ በሳምንታት ያልደረስኩበትን እሱ በአምስት ቀን አለፈኝ።

«ተማሪው፣» ይለኛል እየሳቀ፣ «በሬ ላይ የሚጮህ ሰው ደረትና ደጀ ሰላም የሚቆም ሰው ደረት አንድ አይደለም ማለት ነው።»

ሰው የሚወደው ሰው ነበር። የእህቴን እንጀራ አብረን በላን። ሚስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረኝ። ጤፉ መሬት ላይ እንዳይረግፍበት ይጨነቅ ነበር፤ ቀኑን የሚቆጥረው በእህል ነው። «አሁን እሸት ነው፣ አሁን ቢጫ ሆኗል፣ አሁን ካልታጨደ አበቃለት፤» እያለ። ለዚህ ነው እንደዚያ የሚነፋው። የዳነ ሰው ቤቱ የሚሄድ መስሎታል።

ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሙ ደረት ይለካ ነበር። የልብስ ሰፊ ዓይነት ሜትር አለው። ጨርሰህ አውጣ ይልና ደረትህን ዙሪያውን ይይዛል፤ ሙሉውን ሳብ ይልና እንደገና ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለውን በጣቱ ለክቶ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ደረቱ ሦስት ጣት የሰፋ ሰው በማግሥቱ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ መንገድ ሥራ ይመለሳል። ይህን መጀመሪያ አላወቅሁም። ያሳወቀኝ ቁስል አጣቢው ነው። አንድ ረቡዕ ፋሻዬን ሲፈታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ነገ ስትለካ ግማሹን ብቻ ሳብ፤» አለኝ።

«ለምን?»

«ሙሉውን ከሳብክ ዓርብ መኪና ላይ ነህ። እንዲህ ያለ ሳንባ ያለው ሰው በዚያ ብርድ ድንጋይ ተሸክሞ ወር አይቆይም፤ አይቻለሁ። ቀን ቀን ሥራህን ሥራ፣ ጎንህን ክፈት። ሐሙስ ግን እንደታመምክ ሁን። ትከሻህን አንሣ፣ ደረትህን አትንፋ። አንተ ትንፋሽ መያዝ የተማርክ ሰው ነህ፤ ትችለዋለህ።»

አዲሱን ፋሻ እየጠመጠመ ቀጠለ።

«ለማንም እንዳትናገር። አንድ ሰው ሳይድን ቢቆይ ሐኪሙ የእግዜር ነገር ነው ይላል። ሁለት ሰው ከቆየ እኔን ይጠይቀኛል። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ዓይኑ ወደ ጎረቤቴ አልጋ ሄዶ ተመለሰ። እኔም አየሁ። ገበሬው ጀርባውን ሰጥቶን ጠርሙሱን ይነፋል፤ ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ለማን እንደማልናገር ሁለታችንም ገባን።

በማግሥቱ ግማሹን ሳብኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ለቁስል አጣቢው አንድ ነገር ተናገረ። የገበሬው ቱቦ ገና ስላልወጣ ያን ሐሙስ አልተለካም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሳምንት ነበረኝ።

ያን ሳምንት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ሁሉ አስታውሳለሁ። ምሥጢር አይችልም፣ ይስቃል፣ ያወራል፣ ሁላችንንም ያስይዘናል አልኩ። እሱ ጠንካራ ነው፣ መንገዱን ይችለዋል አልኩ። ቁስል አጣቢው ልጆች አሉት አልኩ። ከነዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ግን ከስር የነበረውን ልናገር። ቀናሁበት። የእኔ ትንፋሽ ደብረ ኤልያስ ሲመሰገን ኖሮ እዚህ አንድ ገበሬ በአምስት ቀን አለፈኝ። ደግሞም ሐኪሙ ዓርብ ዓርብ የሚልከው ሰው ይፈልጋል፤ እሱ ከሄደለት እኔን አጥብቆ አያየኝም። ይህን ያኔ በቃል አላሰብኩትም። ዝም ስል ግን አውቀው ነበር።

ማክሰኞ ቱቦው ወጣለት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣

«ተማሪው፣ አንተ ለምንድን ነው የማይሻልህ?» አለኝ። «በኋላህ መጥቼ ጥዬህ ልሄድ ነው። ያሳዝናል።»

«ጎኔ አልከፈት አለ።»

«ቆይ፣ ከዳንኩ ወደ ቤቴ ይሰዱኛል፣ አይደለም?»

እንደዚህ አድርጎ ነው የጠየቀኝ። አዎ ወይም አይደለም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ፣

«እግዚአብሔር ያውቃል፤» አልኩት።

«እሱስ ያውቃል፤» አለና ሳቀ።

ሐሙስ ደረቱ አራት ጣት ሰፋ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ ወደ እኔም ዞሮ እሱን በጣቱ አሳየኝ፤ ከእሱ ተማር እንደማለት ነው። ቁስል አጣቢው ሲያስተረጉም ሁለት ነገር ብቻ ተናገረ። «ድነሃል። ነገ ትሄዳለህ።» ወዴት እንደሆነ አላለም።

ዓርብ ጧት ገበሬው ጋቢውን አጣፍቶ፣ አልጋዬ ድረስ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «ጤፉን ልጨድና መጥቼ እጠይቅሃለሁ። እህትህን አመስግንልኝ፤» አለ። ወጥቼ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆምኩ። መኪናው ላይ ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች አሉ። ከግቢው ወጥቶ ወደ ደምበጫ መታጠፍ ሲገባው ወደ ዓባይ በረሃ ወደሚወርደው መንገድ ታጠፈ። ገበሬው ቆሞ ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ከጎኑ ያለውን ሰው አንድ ነገር ጠየቀው። የሰውየውን መልስ አልሰማሁም። ገበሬው ግን ተቀመጠ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ እግሩን ድንጋይ የሰበረው ሰው ከዚያው መንገድ መጥቶ የገበሬው አልጋ ላይ ተኛ። ጠየቅሁት። ያውቀዋል።

«የደምበጫው? እሱማ ሞተ። ሁለት ሳምንት እንደማንም ተሸከመ። ከዚያ ጎኑ ከቀደዱት ላይ ተከፈተና መግል ያፈስ ጀመር። እየነፋ ነበር የሞተው።»

«እየነፋ?»

«አዎ፤ ዋንዛ ስር ተኝቶ፣ አፉን አሹሎ እፍ፣ እፍ ይላል። ምን ሆነህ ነው ስንለው ይኸ ነው የሚያድነው አለን። ከመንገዱ ዳር ቀበርነው።»

ከሰዓት በኋላ ቁስል አጣቢው ፋሻ ሊቀይርልኝ ሲመጣ አላስነካ አልኩት።

«ለእሱ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

ፋሻውን ይዞ ቆመ። አልተቆጣም።

«አንተስ?» አለኝ።

እጄን አነሣሁለት፣ ፋሻዬን ቀየረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም ለራሴ በደንብ አላውቀውም። የሚገባውን ክብር መስጠቴ ይሁን፣ ወይም ከእኔ ጋር እኩል ሆኖ እንዳይታየኝ ማራቄ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ታኅሣሥ ሊጋመስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ተስፋ ቆረጠብኝ። በጣልያንኛ ወረቀት ጽፎ ማኅተም አደረገበትና አሰናበተኝ። ቁስል አጣቢው እስከ በሩ ሸኘኝ።

«ለሥራ አይበቃም ይላል። ማንም ካቦ ቢይዝህ ይህን አሳይ። ትንፋሹን ግን አትተው። ዓመት ሙሉ ሥራው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተመለሱ።

ደብረ ኤልያስ ስደርስ የኔታ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ገልብጠው አዩት።

«ምን ይላል?»

«ለሥራ አይበቃም ይላል፣ የኔታ።»

«ለየትኛው ሥራ?» አሉኝ።

መልሱን ያገኘሁት እሑድ ነው። ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ዜማ እንድመራ አዘዙኝ። ጀመርኩ። ድምፄ ያው ነው፤ ትንፋሼ ግን አራተኛው ቃል ላይ አለቀ። ቆሜ ሳብኩ፣ ቀጠልኩ፤ እንደገና አለቀ። የኔታ መቋሚያቸውን በቀኝ እጃቸው እንደያዙ መሬት መሬት አዩ። ከኋላዬ የቆመ አዲስ ተማሪ ተቀብሎ ጨረሰልኝ። ያ ልጅ ምንም ክፋት አላሰበም፤ ለብዙ ወራት ግን ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

እንደታዘዝኩት ሥራውን ቀጠልኩ። ጠርሙስ ስላልነበረኝ ሁለት ቅልና የሸምበቆ ቧንቧ በሰም አጣብቄ ሠራሁ። ማለዳ ማለዳ ከጎጆዬ ጀርባ ተቀምጬ ውኃ እነፋለሁ። አንድ ቀን ውኃ ቀጂ ሴቶች አዩኝ። በሳምንቱ ተማሪው ሁሉ ከእኔ ጋር መብላት ተወ። ጣሊያን ቤት ሄዶ መናፍስት መጥሪያ ተምሮ መጣ ተባለ። አንዱ ተማሪ ቅሌን በድንጋይ ሰበረው። የኔታ አስጠሩኝ።

«ውኃ ላይ ምን ትነፋለህ?»

ነገርኳቸው። የአሸዋውን ከረጢት፣ መቀነቱን፣ ጠርሙሱን ሁሉ። ገበሬውን አልነገርኳቸውም። ረዥም ጊዜ አዳመጡኝና፣

«ከጠላት ቤትም ቢሆን ትምህርት ትምህርት ነው፤» አሉ። «ከእኔ ቤት ውስጥ ሆነህ ንፋ፤ ማንም አይነካህም። ዜማውን ግን ልጄ፣ ተወው። እጅህ ጥሩ ነው። ብራና ጻፍ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ምሕረት ይለዋል። ለእኔ ፍርድ ነበር። እስከ ዛሬ የምኖረው ግን በዚያ ፍርድ ነው። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ ሌሎች በሚዘምሩት መጽሐፍ ላይ ከቃሉ በላይ የዜማውን ምልክት እየጻፍኩ ኖሬያለሁ። እያንዳንዱ ምልክት የት እንደሚያስረዝምና የት እንደሚያሳርፍ አውቃለሁ። ብቻ ልወጣው አልችልም።

ጣሊያን ሲወጣ የቁስል አጣቢውን ነገር ጠየቅሁ። አንዱ ከወታደሮቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄደ አለኝ፤ ሌላው ገና ከከተማው ሳይወጣ ሰዎች ይዘው ደበደቡት አለኝ። የእህቴ ባል ከጫካ ተመልሶ ነበርና ስለ ሰውየው ሊነግሩኝ ከሚችሉት አንዱ እሱ ነው። «ባንዳ ባንዳ ነው፤» ሲል ሰማሁትና ሳልጠይቀው ቀረሁ። ዝም ማለት ያኔ ለምጄዋለሁ።

በዚያው ዓመት አንዲት ሴት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ አዝላ ደብረ ኤልያስ መጣች። የገበሬው ሚስት ናት። እግሩ የተሰበረው ሰው ደምበጫ ገበያ ላይ አግኝቷት፣ ከባልሽ ጎን የተኛ ተማሪ ነበር ብሎ ነግሯት ነው ፈልጋ የመጣችው። ብራና የምፍቅበት ጥላ ስር ተቀመጠች።

«እንዴት ነበር? ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

ስለ ጤፉ ሲጨነቅ እንደነበር ነገርኳት። እሷን እንዴት እንደሚያነሣት፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ እንዴት ከሁላችን በልጦ ይነፋ እንደነበር ነገርኳት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሰማች፤ ፊቷም ፈታ አለ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ስለ ሐሙሱ፣ ግማሹን ሳብ ስለመባሌ፣ ቤቴ ይሰዱኛል ወይ ብሎ ጠይቆኝ እግዚአብሔር ያውቃል ስለማለቴ ሁሉንም ነገርኳት።

ልጁ ከጀርባዋ ወርዶ የብራና ፍቅፋቂ ይለቅም ነበር። ዓይኗን ከእሱ ሳታነሣ፣

«ይህን ለምን ነገርከኝ?» አለችኝ።

«እውነቱን እንድታውቂ ብዬ ነው፤ ይቅርታም…»

«እኔ የመጣሁት እሱን ልሰማ ነው። ደህና አድርገህ ነግረኸኝ ነበር። ይኸኛውን ግን ለራስህ ብለህ ነው የነገርከኝ፤ እንዲቀልልህ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አሁን እኔ ተሸክሜው ልሂድ?»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ይበልህ አላለችም፣ አይበልህም አላለችም። ልጁን አዘለችና የኔታን ጉልበት ስማ ሄደች። ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ሳንባው የታመመ ወጣት ሲኖር ሰዎች ወደ እኔ ይልካሉ። አንዱ ብርድ መትቶት፣ አንዱ በጥይት ጎኑ ተበስቶ፣ አንዱ ዓመት ሙሉ ሲስል ኖሮ ይመጣል። አስተኝቼ እንብርቱ ላይ ከረጢት አስቀምጣለሁ፤ መቀነት አስራለሁ፤ ጠርሙስ ስለማይጠፋ አሁን ሁለት ጠርሙስ አለኝ። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ተሽሏቸው በሬ ጠምደዋል፣ አግብተዋል፣ ሁለቱ ደብተራ ሆነው ማኅሌት ይቆማሉ። እናቶቻቸው ማር ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ እጄን ይስማሉ፣ እግዜር ያክብርዎ ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ከየት እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ ደብረ ማርቆስ እላቸዋለሁ፤ ማንም ከዚያ አልፎ ጠይቆኝ አያውቅም።